ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና «ልብ ወለድ ታሪክ»

መጽሐፍን ከጸሓፊው ለይቶ መመርመር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር በሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ዘንድ የቆየ ነው። በእኛ አገር ግን ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፉልን ሰው፣ በኋላ ዘመን አገራችንን ለወረረ ጠላት ያደሩ ሰው ናቸውና።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ተማሪ ነው። እኛ በምንኖርበት፣ ከቦሌ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በሳሊተ ምሕረት ሰፈር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በመጨረስ ላይ ያለ ጎረቤታችን አንድ ቀን ደብተሩን ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። ለፈተና ሊያጠናው የሚገባውን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ይዞታል፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ታተመ፣ የት እንደ ታተመ ያውቃል። መጽሐፉን ግን አላነበበውም። ከሌላ ቦታ ደግሞ ስለ ደራሲው አንድ ነገር ሰምቶ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ አገሩን ለጠላት የሸጠ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ስለ ምን እንማራለን?» ሲል ጠየቀን። በዚያች ሰዓት የሰጠነው መልስ ራሳችንንም አላጠገበንም። እነሆ፣ ያን ጊዜ ልንመልስ የሚገባንን ዛሬ በጽሑፍ ለመመለስ እንሞክራለን። (ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያልሆነውን «እ.ኤ.አ.» እያልን እናመለክታለን።)

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ወደ ኢጣልያ ተልከው የሥዕል ጥበብ ተማሩ። ቀጥሎም ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ የሄዱ ሲሆን፣ ከዓድዋ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ያን ትምህርት ትተው ወደ ኢጣልያኖች በመዞራቸው በአገራቸው ሰዎች ዘንድ በክፉ ዓይን ታዩ። ከዚያም በናፖሊ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛን ሰዋስው በኢጣልያንኛ ጽፈው አሳተሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ይኸውም በ1900 ዓ.ም.፣ በሮም ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለችው ትንሽ መጽሐፍ ወጣች። በዛሬው ሕዝብ ዘንድ «ጦቢያ» እየተባለች የምትታወቀው ይህችው ናት፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም ግን ከታሪኩ ውስጥ ካለችው ልጅ ተወስዶ በኋላ የተሰጣት እንጂ ደራሲው ያወጡላት ርእስ አይደለም።

ከመቶ ገጽ የማትሞላው ይህች መጽሐፍ የምትተርከው እንዲህ ነው። የክርስቲያኑ ጦር ከአረመኔው ንጉሥ ጦር ጋር ገጥሞ ድል ይሆናል፤ የጦሩ አለቃም ይማረካል። ቤቱ ይፈታል፤ ዋሕድና ጦቢያ የተባሉ መንታ ልጆቹ ከክብር ወደ ችግር ይወድቃሉ። የአባቱን ማስለቀቂያ ገንዘብ ፍለጋ የወጣውን ዋሕድን አንድ ደግ ነጋዴ ያገኘዋል፤ ስሙን እንኳ ሳይናገር ገንዘቡን ሰጥቶት ይሄዳል። አባት ነጻ ይወጣል። የልጁ ልብ ግን አያርፍም፤ ውለታ የዋለለትን ሰው ፈልጎ ሊያገኝ መንገድ ይጀምራል፤ በመንገዱም ላይ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቆ ይሸጣል። አባቱና እኅቱ ደግሞ እሱን ፍለጋ ይወጣሉ፤ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ትጓዛለች። በመጨረሻ በአረመኔው ንጉሥ አገር ማንነቷ ይገለጣል፤ ንጉሡ ይወዳታል፤ እሷ ግን ሃይማኖቱን ካልለወጠ አላገባውም ትላለች። ንጉሡ ይጠመቃል፤ ዋሕድም ይገኛል፤ ነገሩ ሁሉ በሠርግ ይፈጸማል።

እንግዲህ አንባቢ «ይህማ ተረት አይደለምን?» ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን አንድ ሥራ «የመጀመሪያ» ሲባል፣ ቀድሞ በመታተሙ ብቻ ምስጋና አይገባውም። ቀድሞ የተሠራ መጥፎ ቤት፣ ቀድሞ የተሠራ መጥፎ ቤት ነው። መጠየቅ የሚገባን፣ በዚህ መጽሐፍ ምን ተጀመረ? የሚለውን ነው። በእኛ አስተያየት የተጀመሩት ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ስሙ ነው። ዛሬ ልጅ ዐዋቂው «ልብ ወለድ» ሲል፣ ከሮም የወጣችውን የዚያችን መጽሐፍ ርእስ መጥራቱ እንደ ሆነ ልብ አይለውም። ደራሲው «ታሪክ» ለሚለው ቃል «ልብ የወለደው» የሚል ቅጽል ሰጡት፤ ቅጽሉም ከጊዜ በኋላ ባለቤቱን ተክቶ ብቻውን ቆመ። ሌሎች ቋንቋዎች ለዚህ ዓይነት ድርሰት ከባዕድ ቃል ሲዋሱ፣ አማርኛ ከገዛ ጓዳው ያገኘው፣ ለአገሬው ጆሮም የማይጐረብጥ ስም አለው። ይህ ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ሁለተኛው የታሪኩ ባለቤት መለወጡ ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ሰፊ ትረካ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው፤ ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጽፈዋል። ነገር ግን ያ ትረካ የነገሥታትና የዘመቻ ትረካ ነው። ጦር ሲሸነፍ፣ ማን ተማረከ፣ ማን አመለጠ ብሎ ያልፋል። አፈወርቅ ግን ጦርነቱን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ጨርሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ የአንድ ቤተ ሰብ ጓዳ ምን እንደሚመስል ወደ ማሳየት ዘወር ይላሉ። አለቃው ሲማረክ እንጀራው ከየት ይመጣል? ልጆቹስ በምን ልብ ያድራሉ? ታሪክ ጸሓፊ የማይጠይቀውን ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነው የልብ ወለድ ሥራ። እሳቸው በአማርኛ ጠየቁት።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። ያደጉበት የጣና ዳር አማርኛ ሀብታም ነው፤ እሳቸውም አልቆጠቡትም። አንድን ነገር በአንድ ቃል ማለፍ ሲችሉ፣ ምሳሌ ከምሳሌ እየደረቡ፣ ለዛ ከለዛ እያያያዙ ያትቱታል። የዛሬ ተማሪ አንዳንዱን ገጽ ያለ መዝገበ ቃላት አይዘልቀውም፤ ቢሆንም ዐረፍተ ነገሩ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ተናጋሪ ሰው ከፊታችን የቆመ ይመስለናል። ሥዕል ተምረዋልና፣ ፊትንና መልክን፣ ሐዘንና ድንጋጤን በቃል ሲሥሉ የሠዓሊው ዓይን ይታወቃል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባዕድ የአማርኛ ተማሪዎች ማንበቢያ እንዲሆን ነው የሚሉ አሉ። እንደዚያም ቢሆን የተጻፈበት አማርኛ ለባዕድ ተብሎ የቀለለ አማርኛ አይደለም።

ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ የታተመው ከዓድዋ ድል 12 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ መላው ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ድል ይናገራል። ደራሲው ግን ታሪካቸውን የጀመሩት በሽንፈት ነው። የተሸነፈውን ቤት ያስነሣውም አዲስ ጦር አይደለም፤ የአንድ ነጋዴ ቸርነት፣ የአንድ ወጣት ውለታ አለመርሳት፣ የአንዲት ልጅ ጽናት ነው። ልጅቱም የተጠራችው ሕዝቡ የአገሩን ስም አሳጥሮ በሚጠራበት ስም ነው፤ ጦቢያ ማለት ኢትዮጵያ ማለት ነው። አገርን በሴት ልጅ መስሎ፣ በጠላት አገር የወንድ ልብስ አልብሶ ማንከራተት፣ በመጨረሻም ያለ ሰይፍ ድል እንድታደርግ ማድረግ፣ ከተረት የራቀ ሐሳብ ነው። ደራሲው ራሳቸው ከዓድዋው ድል ወገን አለመሆናቸውን ስናስታውስ ደግሞ፣ ይህ ምርጫ ከውስጣቸው የመጣ የሕሊና ነገር ይኖርበት ይሆን? ብለን እንጠይቃለን። ጠይቀንም እንተወዋለን፤ የሰውን ልብ መርምሮ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለምና።

ጉድለቱንም መናገር ይገባል። በመጀመሪያ፣ አጋጣሚ በዝቶበታል፤ የጠፋው የሚገኘው፣ የታሰረው የሚፈታው፣ ደራሲው ስለ ፈለጉ እንጂ ነገሩ ራሱ ስለ ወለደው አይደለም። ሁለተኛ፣ ደጎቹ ፍጹም ደጎች ናቸው፤ ዋሕድም ጦቢያም አንዲት ክፉ ሐሳብ አታልፍባቸውም፤ ስለዚህም እናዝንላቸዋለን እንጂ አናውቃቸውም። ሦስተኛውና ዋናው ጉድለት ግን «አረመኔ» የተባሉት ሰዎች ነገር ነው። የራሳቸው ሐሳብ፣ የራሳቸው እምነት፣ የራሳቸው ሐዘን ያላቸው ሰዎች ሆነው አልቀረቡም፤ ለመጠመቅ ብቻ የተዘጋጁ ይመስላሉ። በንጉሥ ጋብቻ ሕዝብ ሁሉ እምነቱን ሲለውጥ፣ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ እንኳ «የአባቶቼስ ነገር?» ብሎ ሲጠይቅ አንሰማም። ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ለሚማሩባት ኢትዮጵያ፣ ይህ ጉድለት በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። መምህሩ ራሱ ሊያነሣውና ተማሪዎቹን ሊያወያይበት ይገባል።

ከ«ልብ ወለድ ታሪክ» አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ ደራሲው በዚያችው በሮም «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን የታሪክ መጽሐፍ አወጡ። በዚህ መጽሐፍ ብዕራቸው ሌላ ጠባይ ያሳያል። ዐፄ ምኒልክን ያለ ልክ ያወድሳል፤ ዐፄ ዮሐንስን ያለ ልክ ይነቅፋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ይህን አድልዎ በግልጽ ተቃወሙት። በዘመናዊ የአማርኛ ጽሑፍ አንድ ደራሲ የሌላውን መጽሐፍ በማስረጃ ሲተች ከምናይባቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ገብረ ሕይወት መጽሐፉ ይቃጠል አለማለታቸው ነው። መጽሐፍን በመጽሐፍ መለሱ። የሒስ ሥራ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አፈወርቅ ወደ አገራቸው ተመልሰው መንግሥትን በልዩ ልዩ ሥራ አገለገሉ፤ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆነው የነጋድራስነት ማዕረግ ያዙ፤ ከጦርነቱ በፊትም በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ግን ለወራሪው መንግሥት አደሩ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። ይህ ማዕረግ በአፈ ንጉሥ አምሳል የተፈጠረ ነው። ወላጆቻቸው «አፈ ወርቅ» ብለው ያወጡላቸው ስም በባዕድ እጅ «አፈ ቄሣር» ሆነ። ከነጻነት በኋላ በጅማ በግዞት ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1947 ሞቱ።

በዚያው ዘመን የሌላውን ቀደምት ደራሲ ዕጣ ብናስተያይ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ያገለገሉ፣ በ1925 ዓ.ም. የታተመውን «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፉ ሰው ናቸው። ጠላት ሲገባ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው፣ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሞቱ። ሁለቱም ሊቃውንት ነበሩ፤ ሁለቱም አውሮፓን ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም ኢትዮጵያ በትምህርት እንድትለወጥ ይመኙ ነበር። እንግዲህ ዕውቀት ብቻውን ሰውን ከክሕደት አይጠብቅም ማለት ነው። ይህን መራራ ትምህርት ለተማሪዎቻችን መደበቅ አይገባንም።

በዚህ ነገር የሌሎች አገሮች ታሪክም ይረዳናል። በሕንድ አገር በቤንጋል የልብ ወለድ አባት የሚባሉት ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ (እ.ኤ.አ. 1838–1894) ናቸው። በቤንጋልኛ የጻፉት የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው «ዱርጌሽናንዲኒ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። እኒህ ሰው ከ30 ዓመት በላይ የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት ባለ ሥልጣን ነበሩ፤ ቀን ቀን በገዢዎቹ ሕግ ይፈርዳሉ፣ በዕረፍታቸው በእናታቸው ቋንቋ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1882 በመጽሐፍነት በወጣው «አናንዳማት» በተባለው ልብ ወለዳቸው ውስጥ አገርን በእናት መስለው የሚያወድስ መዝሙር አለ፤ «ቫንዴ ማታራም» ይባላል። የእንግሊዝን አገዛዝ የተቃወመው የሕንድ ትውልድ በአደባባይ የዘመረው ይህን መዝሙር ነው። የገዢዎቹ ሹም ከጻፉት መጽሐፍ የነጻነት ታጋዮች መዝሙር ወጣ።

ይሁን እንጂ የሁለቱን ደራስያን ነገር እኩል ማድረግ አይገባም። ባንኪም የተወለዱት አስቀድሞ በባዕድ በተያዘ አገር ነው፤ ለእንግሊዝ መሥራታቸው የዘመናቸው የተማረ ሰው ሁሉ እንጀራ ነበር። አፈወርቅ ግን ነጻ አገር ነበራቸው፤ ያውም በሮም ፊት የወከሉት ነጻ አገር። ስለዚህ የቤንጋሉ ምሳሌ ለነጋድራስ ጥፋት ማስተሰረያ አይሆንም። የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። «አናንዳማት» ስለ እስላሞች በሚናገረው ብዙ ሰው አዝኖበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የሕንድ ኮንግረስ ፓርቲ በጕዳዩ ተነጋግሮ፣ በብሔራዊ ስብሰባ ላይ ከመዝሙሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች ብቻ እንዲዘመሩ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1950ም መዝሙሩ የሕንድ ብሔራዊ ዜማ እንዲሆን ታወጀ። መዝሙሩን ሙሉ በሙሉ አልጣሉትም፤ እንዳለም አልዋጡትም። አበጥረው፣ እህሉን ከገለባው ለይተው ያዙት። ሙግቱ ግን ዛሬም አልቆመም፤ መቆምም የለበትም።

ለእኛም የሚበጀን ይኸው ይመስለናል። በትምህርት ቤቶቻችን የሚታየው ችግር ከሁለቱም የከፋ ነው። የደራሲውን ስምና የኅትመቱን ዓመት በቃል አስጠንተን፣ መጽሐፉንም ሕይወታቸውንም እንዘጋለን። ተማሪው ለፈተና አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ደራሲው ክፉ ወሬ ከሰማ፣ ያላነበበውን መጽሐፍ ይንቀዋል። ካልሰማም ያላወቀውን ሰው ያከብራል። ሁለቱም ዕውቀት አይደለም። ስለዚህ መምህራን ይህን ቅደም ተከተል እንዲሞክሩት እናሳስባለን፤ መጀመሪያ መጽሐፉ ይነበብ፤ ቀጥሎ በጎውና ጉድለቱ በክፍል ውስጥ ይመርመር፤ ከዚያም የደራሲው ሕይወት ምንም ሳይሸሸግ ይነገር። ሰውየው ስለ ሠሩት ሥራ የሚፈረድባቸው በታሪክ ሸንጎ ነው፤ መጽሐፉ የሚፈረድበት በአንባቢ ሸንጎ ነው። የአንዱን ፍርድ ለሌላው ማዋል ሁለቱንም ሸንጎ ያበላሻል።

በበኩላችን የደረስንበትን ፍርድ እንናገር። «ልብ ወለድ ታሪክ» ታላቅ ልብ ወለድ አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. ከወጣው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር ሊመዘን አይችልም። ነገር ግን ሰው በምን ይጸናል? የሚለውን ጥያቄ በአማርኛ የልብ ወለድ ደጃፍ ላይ አስቀምጧል። መልሱንም በዋሕድ ሰጥቷል፤ ሰው የሚጸናው ውለታን ባለመርሳት ነው። ደራሲው በዕድሜያቸው ማታ ለዚህ መልስ ሳይታመኑ ቀሩ። የገዛ መጽሐፋቸው ከማንኛችንም ይልቅ ይከሳቸዋል። ሊጣል የማይገባውም አንዱ ስለዚህ ነው፤ ምስክርን ከሸንጎ ማስወጣት ፍርድን ማጓደል ይሆናልና።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሰአሊተ ምሕረት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትርጓሜውም ምሕረትን የምትለምን ማለት ነው። ምሕረት ለሚለመንለት ሰው ግን አስቀድሞ ጥፋቱ ይታወቃል። ያልታወቀ ጥፋት ይረሳል እንጂ አይማርም።

ለዚያ ተማሪ መጽሐፉን አውሰነው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሶ አመጣው። ስለ ደራሲው ክሕደት እንደገና ይጠይቀናል ብለን ስንጠብቅ፣ እሱ ግን መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ያ ነጋዴ ስሙን ለምን ደበቀ?» አለን። ተቀመጥ አልነው፤ ቡናም ተፈላ፤ እስኪመሽ ድረስ ስለዚያ ነጋዴ ተነጋገርን።